ልጃችንን አሁን ለኤ ሌቭል እንላክ ወይስ 12ኛ ክፍልን ጨርሳ በፋውንዴሽን ትሂድ? ስለ ብሪታንያ የቅድመ ዩኒቨርሲቲ መንገዶች

እናት ከገርጂ (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ የተከበራችሁ ወገኖቼ። በብሪታንያ የምትኖሩና የትምህርት ሥርዓቱን በቅርብ የምታውቁ ሰዎች ምክራችሁን እንድትለግሱኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ሴት ልጄ በአዲስ አበባ በአንድ የግል ትምህርት ቤት የምትማር ስትሆን ዘንድሮ 10ኛ ክፍልን ታጠናቅቃለች። አሁን 15 ዓመቷ ነው፤ በመጪው ኅዳር 16 ይሞላታል። በኬሚስትሪና በባዮሎጂ ውጤቷ በጣም ጥሩ ነው፤ ሐኪም መሆን እንደምትፈልግም ከልጅነቷ ጀምሮ ስትናገር ኖራለች። በሊድስ ከተማ የምትኖር የአክስቴ ልጅ አለችኝ። በአንድ ቤት ያደግን በመሆናችን ልጄ «አክስቴ» እያለች ነው የምትጠራት። ይህች እህቴ «ጊዜ ሳታጠፉ በመስከረም ላኳት፤ እኔ ቤት ሆና እዚሁ ሰፈር ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ኤ ሌቭል የሚባለውን የቅድመ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ትማር፤ የሚከፈል ነገር ካለም ተጋግዘን እንከፍላለን» ብላናለች። ባለቤቴ ደግሞ ልጅቱ 12ኛ ክፍልን እዚሁ ጨርሳ፣ ብሔራዊ ፈተናውን ወስዳ፣ ከዚያ በኋላ በአንድ ዓመት የፋውንዴሽን (የዩኒቨርሲቲ መሰናዶ) ትምህርት በኩል ዩኒቨርሲቲ ብትገባ ወጪውም ይቀንሳል፣ እሷም ትበስላለች የሚል ሐሳብ አለው። አንድ የውጭ አገር ትምህርት አማካሪ ድርጅት ቢሮ ሄደን ስንጠይቅም፣ ፋውንዴሽን ሕክምናን ጨምሮ ለሁሉም የትምህርት ዘርፍ እንደሚያበቃ ነግረውናል።

እኔ በሁለቱ ሐሳቦች መካከል ቆሜአለሁ። ልጄን በዚህ ዕድሜዋ ከእኔ መለየቱ ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን በመዘግየቴ ዕድሏን እንዳላበላሽባትም እሰጋለሁ። ለሕክምና ትምህርት የሚያዋጣው የትኛው መንገድ ነው? በመንግሥት ትምህርት ቤት መማር ትችላለች? ዘመዳችን የምትሰጠውን ገንዘብ ቪዛ ሰጪዎቹ ይቀበሉታል? የምታውቁትን ብትነግሩኝ ውለታችሁ አለብኝ።

መምህር ከሌስተር (መልስ)

ውድ እህቴ፣ በእንግሊዝ በአንድ ኮሌጅ ከ16 እስከ 18 ዓመት ላሉ ተማሪዎች ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ የተማሪዎቼን የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻም በየዓመቱ አብሬያቸው አዘጋጃለሁ። ከሁሉ አስቀድሜ ማረም የምፈልገው አማካሪ ድርጅቱ የነገራችሁን ነው። የፋውንዴሽን ዓመት ለኢንጂነሪንግ፣ ለንግድ ሥራ አመራር፣ ለኮምፒዩተር ሳይንስና ለሌሎች ብዙ ዘርፎች የታወቀ መግቢያ ነው። አብዛኞቹ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ግን አይቀበሉትም፤ የሚቀበሉት ጥቂቶችም ማንኛውንም ፋውንዴሽን ሳይሆን በስም የጠቀሷቸውን የተወሰኑ ፕሮግራሞች ብቻ ነው። ኦክስፎርድና ካምብሪጅም ብዙውን ጊዜ ፋውንዴሽንን እንደ በቂ ዝግጅት አያዩትም። ስለዚህ የእናንተ ምርጫ መጀመር ያለበት ልጅቱ መግባት ከምትፈልገው የትምህርት ክፍል ነው፤ ከዚያ ወደ ኋላ እየቆጠሩ የሚያደርሰውን መንገድ መፈለግ ይገባል። ብዙ ቤተሰብ ግን አስቀድሞ የተገኘውን ትምህርት ቤት ይመርጥና የት እንደሚያደርስ የሚጠይቀው ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ነው።

የእንግሊዝ ተማሪዎች 11ኛ ዓመት በሚባለው ክፍል መጨረሻ፣ በ16 ዓመታቸው፣ ጂሲኤስኢ የተባለውን ፈተና በስምንት፣ በዘጠኝ ወይም በአሥር የትምህርት ዓይነቶች ይወስዳሉ፤ ውጤቱም ከ9 እስከ 1 በቁጥር ይሰጣል። ከዚያ ሲክስዝ ፎርም የሚባሉት ሁለት ዓመታት፣ ማለትም 12ኛና 13ኛ ዓመት ይከተላሉ። በእነዚህ ዓመታት አብዛኛው ተማሪ ሦስት የትምህርት ዓይነቶችን ብቻ መርጦ በጥልቀት ያጠናና ኤ ሌቭልን ይፈተናል። ከእኛ አገር የተፈጥሮ ሳይንስ ክፍል ለሚመጣ ተማሪ ይህ ጥበት መጀመሪያ ላይ ያስደነግጣል፤ ወላጆችም «አራት ወይም አምስት ብትወስድ አይሻልም ወይ?» ብለው ይጠይቁኛል። አይሻልም። የሕክምና ትምህርት ቤቶች የሚጠይቁት ሦስት ነው፤ የሚፈልጉትም ከፍተኛ ውጤት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሦስት ኤ ወይም አንድ ኤ ስታር (ከኤ በላይ ያለው ከፍተኛው ውጤት) እና ሁለት ኤ ይጠይቃሉ። ኬሚስትሪ በአብዛኞቹ ዘንድ ግዴታ ነው፤ ባዮሎጂን ከጨመረች ደግሞ የሚከፈትላት በር ይሰፋል። ሦስተኛው ሒሳብ ቢሆን መልካም ነው፤ ሌላም ቢሆን ግን ችግር የለውም።

በዚህ ላይ ዩካት የተባለ የመግቢያ ፈተና አለ፤ ቃለ መጠይቅም አለ። ማመልከቻው የሚላከው ዩካስ በሚባለው ማዕከላዊ ተቋም በኩል ሲሆን፣ ለሕክምና የመጨረሻው ቀን ኦክቶበር 15፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 5 ገደማ ነው። ይህ ማለት ተማሪዋ 13ኛ ዓመትን በጀመረች በአንድ ወር ተኩል ገደማ ውስጥ፣ ኤ ሌቭሉን ሳትፈተን፣ መምህራኖቿ በሚሰጡት የውጤት ግምት ታመለክታለች ማለት ነው። በማመልከቻው ላይ ካሉት አምስት ምርጫዎችም ለሕክምና መጠቀም የሚቻለው በአራቱ ብቻ ነው። ለውጭ አገር ተማሪዎች የተመደበው ቦታ በእንግሊዝ በመንግሥት ጣሪያ የተወሰነ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየው መጠን 7.5 በመቶ ነው። የትምህርት ክፍያውም በብዙዎቹ በዓመት ከ40,000 ፓውንድ በላይ ሲሆን ትምህርቱ አምስት ወይም ስድስት ዓመት ይፈጃል። ይህን የምጽፈው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም፤ ለኤ ሌቭሉ ያላችሁን ጥሪት ሁሉ አውጥታችሁ ዋናው ወጪ ከዚያ በኋላ ሲመጣ ባዶ እጃችሁን እንዳትቀሩ በማሰብ ነው።

አሁን ስለ ዕድሜዋ ልናገር፤ ለእኔ የጉዳዩ ቁልፍ ይህ ነው። ልጅዎ በኅዳር 16 የሚሞላት ከሆነ፣ በመጪው መስከረም በእንግሊዝ የዕድሜ ምደባ የምትገባው 12ኛ ዓመት ሳይሆን 11ኛ ዓመት ነው። 11ኛ ዓመት ደግሞ የሁለት ዓመቱ የጂሲኤስኢ ትምህርት ማጠናቀቂያ ስለሆነ በመካከል መግባት ከባድ ነው፤ ጂሲኤስኢን በአንድ ዓመት አጭቀው የሚያስተምሩ የግል ትምህርት ቤቶች ቢኖሩም ዋጋው የአዳሪ ትምህርት ቤት ዋጋ ነው። በሌላ አነጋገር ልጅቱ 11ኛ ክፍልን አዲስ አበባ ተምራ በሚቀጥለው ዓመት ብትመጣ፣ 12ኛ ዓመትን የምትጀምረው በትክክለኛው ዕድሜዋ ነው። አንድ ዓመት መቆየት አንድም ቀን አያስቀርባትም።

ነዋሪ ከበርሚንግሃም (መልስ)

እህቴ፣ መምህሩ የትምህርቱን ነገር በሚገባ ስላስረዱ እኔ ስለ ቪዛውና ስለ አኗኗሩ ልጨምር። የእህቴን ልጅ እዚህ አምጥቼ ያስተማርኩ በመሆኔ ደንቡን ከወረቀቱም ከኑሮውም አውቀዋለሁ።

በመጀመሪያ የመንግሥት ትምህርት ቤቱ ሐሳብ አይሠራም። ከ16 ዓመት በታች ያለ የውጭ አገር ልጅ ብሪታንያ የሚማረው ቻይልድ ስቱደንት በሚባለው ቪዛ ሲሆን፣ ይህ ቪዛ የሚሰጠው ስፖንሰር የማድረግ ፈቃድ ባላቸው የግል፣ ተከፋይ ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ ልጆች ብቻ ነው። በነጻ የሚማሩት ወላጆቻቸው እዚያው በሥራ ወይም በሌላ ሕጋዊ ፈቃድ የሚኖሩና አብረዋቸው የገቡ ልጆች ናቸው። አንዳንድ ሰው በጉብኝት ቪዛ አስገብቶ ሰፈር ካለው ትምህርት ቤት ለማስመዝገብ ያስባል፤ ይህ የቪዛውን ሁኔታ መጣስ ነው፤ መዘዙም ወደፊት በምታቀርበው ማመልከቻ ሁሉ ላይ ይከተላታል። እባካችሁ ዘመዳችሁ በቅንነት ያቀረበችውን ይህን ሐሳብ እዚያው አቁሙት።

ሁለተኛው ከዘመዳችሁ ጋር የመኖሯ ጉዳይ ነው። በእኛ ባህል የአክስትዎ ልጅ ለልጅዎ አክስት ናት፤ ማንም አይጠራጠረውም። የብሪታንያ ሕግ ግን የቅርብ ዘመድ ብሎ የሚቆጥረው አያትን፣ ወንድምን፣ እህትን፣ የወላጅን ወንድም ወይም እህት እና የእንጀራ ወላጅን ነው። የወላጅ የአክስት ልጅ በዚህ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ልጅዎ 16 ሳይሞላት ሊድስ ሄዳ በዘመዳችሁ ቤት ከ28 ቀን በላይ የምትቀመጥ ከሆነ በሕጉ የግል አሳዳጊነት ይባላል፤ ዘመዳችሁም ለከተማው ምክር ቤት አስቀድማ ማሳወቅ አለባት። የምክር ቤቱ ማኅበራዊ ሠራተኞች ቤቱን ያያሉ፣ ቤተሰቡን ያነጋግራሉ። ይህ ሊያስፈራ አይገባም፤ የልጅ ደኅንነት ስለሆነ እኔ በበኩሌ ተገቢ ነው እላለሁ። ነገር ግን ሳያሳውቁ መቅረት ጥፋት ነው፤ የቪዛ ማመልከቻው ላይም ይህ ወረቀት ይጠየቃል።

መምህሩ አንድ ዓመት ቆዩ ያሉትን የምደግፈውም በዚህ ምክንያት ነው። 16 ዓመት ከሞላት በኋላ ብዙ ነገር ይለወጣል። የአሳዳጊነቱ ማሳወቂያ ግዴታ ይቀራል። ዋናው ደግሞ በቻይልድ ስቱደንት ፈንታ በስቱደንት ቪዛ ማመልከት ስለምትችል፣ የውጭ ተማሪ ለመቀበል ፈቃድ ካላቸው የመንግሥት ኮሌጆች በአንዱ ገብታ ኤ ሌቭል መማር ትችላለች። የሚከፈልበት ነው፤ ሆኖም ከአዳሪ ትምህርት ቤት ጋር የሚወዳደር አይደለም። አዳሪ ትምህርት ቤት ዛሬ በዓመት ከ40,000 ፓውንድ በላይ መጠየቁ የተለመደ ሲሆን፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በግል ትምህርት ቤት ክፍያ ላይ 20 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ተጥሏል። ፈቃዱ ያላቸው የመንግሥት ኮሌጆች ብዙ አይደሉም፤ ማደሪያ የሚያቀርቡትም ጥቂት ናቸው። የእናንተ ልጅ ግን የምታርፍበት ቤት ስላላት ይህ ለሌላው ችግር የሆነው ለእናንተ ችግር አይሆንም። ዘመዳችሁ ከቤቷ በአውቶቡስ የሚደረስበት እንዲህ ያለ ኮሌጅ መኖሩን ከአሁኑ ታጣራ፤ የተፈቀደላቸው ተቋማት ዝርዝር በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ለሁሉም ክፍት ነው።

የገንዘቡን ጉዳይ ስንመለከት፣ በስቱደንት ቪዛ የሚቀርበው ገንዘብ በተማሪዋ ወይም በወላጆቿ ስም ባለ ሒሳብ ውስጥ መሆን አለበት። የዘመድ የባንክ ደብተር ተቀባይነት የለውም። ዘመዳችሁ መርዳት ከፈለገች ገንዘቡን በስጦታ ወደ እናንተ ሒሳብ ታስገባለች፤ ከዚያ ሳይነካ 28 ተከታታይ ቀናት መቀመጥ ይኖርበታል። የሚታየው መጠን ያልተከፈለው የአንደኛ ዓመት የትምህርት ክፍያ ሲሆን፣ በዚያ ላይ ለኑሮ ከለንደን ውጭ በወር 1,171 ፓውንድ እስከ ዘጠኝ ወር ይጨመራል፤ ለለንደን በወር 1,529 ፓውንድ ነው። ይህ ከኖቬምበር 2025 ወዲህ የሚሠራበት መጠን ነው። ብሩን በውጭ ምንዛሪ ለማዘዋወር ባንኮቻችን ምን ዓይነት የትምህርት ቤት ደብዳቤ እንደሚፈልጉ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ በዚህ ሰበብ የመመዝገቢያ ቀን ያለፈባቸውን ቤተሰቦች አውቃለሁ። ከቪዛው ክፍያ ሌላ የጤና አገልግሎት ክፍያ በዓመት 776 ፓውንድ በቅድሚያ ይከፈላል። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራውን አዲስ አበባ በሚገኘው የዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ክሊኒክ ታደርጋለች። ቻይልድ ስቱደንት የእንግሊዝኛ ፈተና አይጠይቅም፤ ስቱደንት ቪዛ ግን ከዲግሪ በታች ላለ ትምህርት ቢ 1 የሚባለውን ደረጃ ይጠይቃል። የቪዛው መስፈርት ዝቅተኛው ነው፤ ኮሌጁ ራሱ ከዚያ ከፍ ያለ ሊፈልግ ይችላል።

የቀድሞ የፋውንዴሽን ተማሪ (መልስ)

እናቴ፣ በመምህሩና በበርሚንግሃሙ ጋሼ ሐሳብ ላይ የእኔንም ልጨምር፤ ምክንያቱም የባለቤትዎ ሐሳብ ያለ አግባብ እንዳይጣል እፈልጋለሁ። 12ኛ ክፍልን በኢትዮጵያ ጨርሼ፣ በሰሜን እንግሊዝ አንድ ዓመት ፋውንዴሽን ተምሬ፣ እዚያው ሲቪል ኢንጂነሪንግ አጥንቻለሁ። ልጅዎ ከሕክምና ሌላ ዘርፍ ብትመርጥ፣ ወይም በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ሐሳቧ ቢለወጥ (በ15 ዓመት የተወሰነ ሐሳብ ሊለወጥ ይችላልና) ፋውንዴሽን ከኤ ሌቭል ያነሰ መንገድ አይደለም። አንድ ዓመት ነው፤ በአካዳሚክ እንግሊዝኛ መጻፍን፣ ዘገባ ማዘጋጀትን፣ ቤተ መጻሕፍት ተጠቅሞ ምንጭ እየጠቀሱ መከራከርን ያስተምራል። እኔ ከቤቴ የሄድኩት ነገሮችን ለይቼ በማውቅበት ዕድሜ ነበር፤ ይህም ጠቅሞኛል።

ነገር ግን ስለ ፋውንዴሽን ማንም የማይነግራችሁ ነገር አለ። ዩኒቨርሲቲ ራሱ የሚያስተምረው ፋውንዴሽን አለ፤ እንደ ካፕላን፣ ኢንቶ፣ ናቪታስና ስተዲ ግሩፕ ያሉ ኩባንያዎች ከዩኒቨርሲቲ ጋር ተዋውለው የሚሰጡትም አለ። የኋለኛው ብዙውን ጊዜ የሚያደርሰው ወደ ተዋዋለው ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ያንኑ የምስክር ወረቀት ላይቀበለው ይችላል። በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ የሚቀበሉት ኤንሲዩኬ የሚባል ፕሮግራምም አለ። «ወደ ዲግሪ መሸጋገር ዋስትና አለው» የሚለው ማስታወቂያም ሁኔታ አለበት፤ ዋስትናው የሚጸናው የተወሰነ አማካይ ውጤትና የእንግሊዝኛ ነጥብ ከመጣ ነው፤ ይህም ለአንዱ ዘርፍ 55 ሲሆን ለሌላው 70 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ለየትኛው ዲግሪ ስንት ነጥብ እንደሚጠየቅ በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። አማካሪ ድርጅቶች ለላኩት ለእያንዳንዱ ተማሪ ከተቋማቱ ኮሚሽን እንደሚያገኙም ማወቅ ይጠቅማል፤ ሁሉም ያታልላሉ ማለት ሳይሆን፣ ኮሚሽን የማይከፍለውን መንገድ በራሳቸው አያነሱላችሁም ለማለት ነው።

ሌላው የጊዜ አቆጣጠሩ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በሰኔና በሐምሌ ይሰጥና ውጤቱ የሚታወቀው ብዙውን ጊዜ አዲሱ ዓመት ከገባ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የብሪታንያ የመስከረም ትምህርት ተጀምሯል። ብዙዎቹ የፋውንዴሽን ተቋማት በጃንዋሪም ስለሚቀበሉ ለእኛ የሚስማማው ይኸኛው ነው፤ ከጃንዋሪ እስከ ክረምቱ መጨረሻ ተምሮ በመስከረም ወደ ዲግሪው መግባት ይቻላል። ፈተናው ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ መሆናቸውንም ባለቤትዎ ይወቁት። የፋውንዴሽን ተቋማት ሁሉ የ50 በመቶውን መስፈርት አይጠይቁም፤ ሆኖም አንዲት ጎበዝ ልጅ ዕቅዷን በሙሉ በዚያ አንድ ፈተና ላይ ብትጥል ልቤ አያርፍም።

መምህር ከሌስተር (መልስ)

የቀድሞው ተማሪ የጻፈውን በሙሉ እቀበላለሁ፤ በተለይ የሽግግሩን ነጥብ በጽሑፍ ጠይቁ ያለውን። በሕክምና ጉዳይ ግን አቋሜ አይለወጥም። በፋውንዴሽን ባዮሜዲካል ሳይንስ ገብቶ ዲግሪ ይዞ፣ ከዚያ ለተመራቂዎች በሚሰጠው የአራት ዓመት ሕክምና ማመልከት የሚቻልባቸው ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ ውድድሩ ግን እጅግ ከባድ ነው፤ ወጪውም በሁለት ዲግሪ ዋጋ ነው። ለቤተሰብ እንደ ዋና ዕቅድ ልመክረው አልችልም።

ስኮትላንድን ያነሳ ስላልነበረ በአጭሩ ልጥቀስ። እዚያ ከኤ ሌቭል ይልቅ ሃየር እና አድቫንስድ ሃየር የሚባሉ ፈተናዎች ናቸው የሚሰጡት፤ ዲግሪውም እንደ ደንቡ አራት ዓመት ነው። ለእናንተ የተለየ ጥቅም አይታየኝም።

እናት ከገርጂ (ምላሽ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እንዲህ በዝርዝርና በቅንነት ትመልሱልኛላችሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ሁላችሁም የጻፋችሁትን ከባለቤቴና ከልጄ ጋር ተቀምጠን አነበብነው። ዘንድሮ ላለመላክ ተስማምተናል። ከሊድሷ ዘመዳችን ጋርም ተነጋግረናል፤ የአሳዳጊነቱን ሕግ እሷም አታውቀውም ነበርና አመስግናችኋለች፤ ኮሌጆቹንም ማጣራት ጀምራለች።

አሁን ሁለት ነገር ቀርቶኛል። አንደኛው፣ ኤ ሌቭልን እዚሁ አዲስ አበባ መፈተን የሚቻል ከሆነ ለምን ለሁለት ዓመት በባዕድ አገር እንልካታለን? የሕክምና ትምህርት ቤቶቹስ በእኩል ዓይን ያዩታል? ሁለተኛው፣ ለዚህ ደረጃ የሚሆን የትምህርት ዕድል ካለ ብትጠቁሙን። ጎረቤቴ ቺቭኒንግ የሚባለውን ነገረችኝ።

ነዋሪ ከበርሚንግሃም (መልስ)

እህቴ፣ ቺቭኒንግ ለማስተርስ ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ለልጅዎ ገና ነው። በእሷ ዕድሜ ልትሞክሩት የሚገባው ዩናይትድ ወርልድ ኮሌጅስ በሚባለው ማኅበር ሥር ያለው የአትላንቲክ ኮሌጅ ነው። በዌልስ በባሕር ዳርቻ በሚገኝ ጥንታዊ ግንብ ውስጥ በ1962 የተመሠረተ አዳሪ ኮሌጅ ነው፤ ከየአገሩ የሚመጡ ተማሪዎች ለሁለት ዓመት አይቢ የሚባለውን ዓለም አቀፍ የቅድመ ዩኒቨርሲቲ ዲፕሎማ ይማሩበታል። አቅም ለሌላቸው እንደ ቤተሰቡ ሁኔታ ሙሉ ወይም ከፊል ድጋፍ ይሰጣል። ምርጫው በአብዛኛው በየአገሩ ባሉ ኮሚቴዎች በኩል ስለሚካሄድ፣ የማመልከቻው ጊዜ የሚያልቀው ትምህርቱ ከመጀመሩ ከብዙ ወራት በፊት ነው። ውድድሩ ከባድ ቢሆንም ልጅቱ ጎበዝ ከሆነች ማመልከቱ አይጎዳም።

መምህር ከሌስተር (መልስ)

አይቢ ከተነሳ፣ የሕክምና ትምህርት ቤቶች እንደ ኤ ሌቭል ይቀበሉታል። ስድስት የትምህርት ዓይነቶች፣ ከእነሱ ሦስቱ በከፍተኛ ደረጃ፣ በተጨማሪም ረጅም የጥናት ጽሑፍ አለው፤ ጠቅላላው ውጤት ከ45 ይታሰባል። ኬሚስትሪና ባዮሎጂን በከፍተኛ ደረጃ መያዝ አለባት። ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ማስኬድ ለምትችል፣ ጽሑፍ ለምትወድ ልጅ ተስማሚ ነው። በአዲስ አበባ እንደ ሳንፎርድ ባሉ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶችም ይሰጣል።

ኤ ሌቭልን አዲስ አበባ ስለ መፈተን የጠየቁኝ ትልቅ ጥያቄ ነው፤ አዎ፣ ይቻላል። ካምብሪጅና ፒርሰን ለውጭ አገር የሚያዘጋጁት ዓለም አቀፍ ኤ ሌቭል ከእንግሊዙ ጋር እኩል ተቀባይነት አለው። ለሳይንስ ትምህርቶች ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በእንግሊዙ ኤ ሌቭል የቤተ ሙከራ ሥራው ከጽሑፍ ፈተናው ተነጥሎ «አልፏል» በሚል ብቻ ይመዘገባል፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎችም ይህን ማረጋገጫ ይጠይቃሉ፤ በግል የሚፈተን ሰው ደግሞ በቀላሉ አያገኘውም። በዓለም አቀፉ ኤ ሌቭል ግን የቤተ ሙከራ ክህሎት ራሱን የቻለ የፈተና ወረቀት ሆኖ በውጤቱ ውስጥ ይቆጠራል። ስለዚህ ለልጅዎ የሚሻለው ዓለም አቀፉ ነው፤ የምትመርጡት ትምህርት ቤት ደግሞ በእውነት የሚሠራበት የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ያለው ይሁን። ሄዳችሁ እዩት። ታይትሬሽን የሚባለውን የኬሚስትሪ ሙከራ በእጇ ያልሠራች ልጅ ያንን ወረቀት በማንበብ ብቻ አታልፈውም። የሚያመለክቱላትን ግምታዊ ውጤትና የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉትም መምህራኑ ስለሆኑ፣ ከዚህ በፊት ተማሪዎችን በዩካስ በኩል ልከው የሚያውቁ መሆናቸውን ጠይቁ። ሁለቱ ከተሟሉ ልጅቷን እስከ 18 ዓመቷ ከእናንተ ጋር ማቆየቱን እኔ እመርጣለሁ። ካልተሟሉ የሊድሱ ኮሌጅ ይሻላል።

በየትኛውም መንገድ ብትሄዱ በሚመጣው ዓመት 11ኛ ክፍልን ስትማር ቢያንስ በሒሳብ፣ በእንግሊዝኛና በሳይንስ ትምህርቶች አይጂሲኤስኢ የሚባለውን ዓለም አቀፍ የጂሲኤስኢ ፈተና ብትወስድ መልካም ነው። የሕክምና ትምህርት ቤቶች ከኤ ሌቭል ሌላ የ16 ዓመቱን ውጤት ይመለከታሉ፤ በአገራችን ደግሞ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ስለቀረ የምታቀርቡት የትምህርት ቤቱን ካርድ ብቻ ይሆናል። አይጂሲኤስኢ ይህን ክፍተት ይሞላል፤ ለኤ ሌቭሉም ራሷን የምትፈትሽበት ይሆናል። በኬሚስትሪ 7 ወይም ከዚያ በላይ ካላመጣች ስለ ዘርፉ እንደገና ተነጋገሩ።

ቀኖቹን ደግሞ ከአሁኑ ጻፏቸው። ልጅዎ በሚቀጥለው ዓመት መስከረም የኤ ሌቭል ትምህርቷን ከጀመረች፣ ዩካትን የምትፈተነው ከዚያ በሚከተለው ክረምት፣ በጁላይና በሴፕቴምበር መካከል ነው። የዩካስ ማመልከቻዋ ደግሞ በዚያው ዓመት ኦክቶበር 15 በብሪታንያ ሰዓት አቆጣጠር 18፡00፣ በአዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ትምህርት ቤቶች ግን የድጋፍ ደብዳቤውን ለመጻፍ ሳምንታት ስለሚፈጅባቸው ረቂቋን በነሐሴ መጨረሻ ትስጣቸው።